ግልጽ ደብዳቤ፦ ገደሉን ከመዝጋታችሁ በፊት እረኛውን ጥሩት

ይድረስ በሰሜን ሸዋ የቆላ ቀበሌዎች ለምትሠሩ የግብርና፣ የእንስሳት ጤናና የተፋሰስ ልማት ባለሙያዎች፣ ከበላያችሁም ላሉ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ፍየል ነው። ከጅምሩ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ጤፍ ወይም ስለ ማዳበሪያ ቢሆን ማንም አይስቅም ነበር። ስለ በግ ቢሆንም ግድ የለም። ፍየል ሲባል ግን ሰው ወይ ጥብስ ይታየዋል፣ ወይ ተረት ይመጣበታል። «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» ይላል። ተረቱን እኔም ኋላ እፈልገዋለሁ።

አምና በጥር አጎቴ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠሩ። የሚኖሩት በጀማ ወንዝ ገደል ውስጥ ነው። ከላይ ከሜዳው ጫፍ ቆማችሁ ስታዩት ቤታቸው የክብሪት ቀፎ ያክላል። ወረዳውንም ቀበሌውንም አልጠራም። ሰው ማሳጣት አልፈልግም፤ ደግሞም ነገሩ የአንድ ቀበሌ ብቻ አይመስለኝም። ከቤታቸው እስከ ስብሰባው ቦታ ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት ነው። ወጡ። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ግድግዳው ላይ ካርታ ለጥፏል። ከወንዙ በላይ ያለው ተዳፋት በሙሉ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» እንደሚሆን ተናገረ። «ፍየል የመሬት ጠላት ናት» ብሎም ጨመረበት። ተጨበጨበ። አጎቴ እጃቸውን አወጡ። «አባት፣ ሰዓት ሄዷል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ» ተባሉ።

የሚቀጥለው ስብሰባ እስከ ዛሬ አልተጠራም።

ለፋሲካ ስወርድ ምን ሊሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ታዲያ ወደ ውሃው በየት በኩል ነው የምንወርደው? ልል ነበር» አሉኝ። ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ያቺኑ ብቻ።

እኔ ዛሬ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የወረቀት ሥራ ነው የምሠራው። ከሰባት ዓመቴ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ግን የእኒሁ አጎቴን ፍየሎች ጠብቄያለሁ። የሥራ ልምድ ጻፍ በተባልኩ ቁጥር ያንን ሰባት ዓመት ዘልዬው ነው የማልፈው። ማስገቢያም የለው። ቅጹ «አርሶ አደር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሌላ» ይላል። እረኛ ያለው «ሌላ» ውስጥ ነው።

እስቲ ይህ «ሌላ» ከሚያውቀው ትንሽ ልንገራችሁ።

ፍየል በማለዳ አትሰማራም። ላም ጎህ ሲቀድ ልትወጣ ትችላለች፤ ፍየል ግን ፀሐይ ገደሉ ውስጥ እስክትገባ ትጠብቃለች። ሦስት ሰዓት ይሆናል። አዲስ ሰው ሲያይ እረኛው ሰነፍ ይመስለዋል። እናንተ በትምህርት ቤት የሆድ ትል እጭ እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ጫፍ እንደሚወጣ ተምራችኋል። አጎቴ የተማሩት ደግሞ «ጤዛው ሳይረግፍ አትልቀቅ» የሚለውን ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ፣ የእናንተው ፈተና ላይ ይመጣል፤ የእኔው ጤዛ ላይ የለቀቅሁ ቀን በአለንጋ ነው የመጣው።

እስከ ሦስት ሰዓት ድረስም ዝም ተብሎ አይቀመጥም። ግልገሎቹ እናት እናታቸውን ፈልገው ይጠባሉ። እምቢ የምትል እናት አትጠፋም፤ በተለይ በመጀመሪያ ወሊዷ። እሷን ይዞ፣ እግሯን ቆልፎ፣ ግልገሉን ከጡቷ ማገናኘት የእረኛው ሥራ ነው። መንታ ከሆኑ ደካማውን ማስቀደም ነው። ከዚያ ግልገሎቹ ጉረኖ ይቀራሉ፣ እናቶቹ ይወጣሉ። ጩኸቱ ልብ ይነካል። ሰባት ዓመት ሰምቼው አልለመድኩትም።

እረኛ ፍየሉን አይቆጥርም። ስንት ናቸው ብትሉት ሊሳሳት ይችላል፤ ማን ቀረች ብትሉት ግን አይሳሳትም። ቦቃዋ፣ ዳማዋ፣ ዥጉርጉሯ፣ ቀንድ የሌላት ጎዳዋ፣ ጆሮዋን ነብር የቀደዳት። ማታ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ ፊታቸውን ያያል። እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ ማለት ነው፣ መዝገቡ ብቻ የለም። መንጋውን የምትመራው ደግሞ አሮጊቷ ናት። ወጠጤው ከኋላ ሆኖ ጉራውን ይነፋል እንጂ መንገድ አያውቅም። አሮጊቷ ከሞተች መንጋው ወር ሙሉ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ያረጀች ፍየል ላለመሸጥ የሚሟገት እረኛ ብታዩ ግትር ነው አትበሉት።

የበጋው ሥራ ዛፍ ላይ ነው። ሣሩ ሲያልቅ ፍየል ቀጋ፣ አጋም፣ ቁርቁራ፣ ግራር ትፈልጋለች። የግራር ፍሬ ሲደርስ እረኛው ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም እንጨት ቅርንጫፉን ይዞ ያራግፋል። ይያዛል፣ ይነቀነቃል፣ ይለቀቃል። አይቆረጥም። ቅርንጫፍ የቆረጠ ልጅ ማታ ለአባቱ ይነገርበታል፣ የከርሞ ምግብ ነዋ የቆረጠው። ግራሩም ከዚህ ያተርፋል። ፍየሏ ከበላችው ፍሬ ውስጥ ያልተፈጨው ዘር በበጠጧ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። እኛ ጉረኖ በነበረበት ቦታ ላይ ጉረኖው ሲፈርስ የሚበቅለውን የግራር ብዛት ብታዩ!

ከላይ ከደጋው ሜዳ፣ ጅሩ ላይ ሲዘንብ ታች ገደሉ ውስጥ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውሃ የሚመጣው ያኔ ነው። ወንዙ ዳር መንጋ ያለው ልጅ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ይኖራል። ጭላዳዎቹም ያግዙታል። ያለወትሮአቸው ጮኸው ወደ ገደሉ ጠርዝ ከሮጡ አንድ ነገር አይተዋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ነብር ነው። በክረምት የእኛ ሥራ ጭላዳን ከእህል ማባረር ነበር፣ በበጋ ደግሞ ያው ጭላዳ ዘበኛችን ነው። ዓለም እንዲህ ናት።

ዝናብንም ፍየል ከሰው በፊት ታውቃለች። አትወደውም። ዋሻ ዋሻ ማለት ከጀመረች እረኛው ደበሎውን ይሰበስባል። ሳስበው በዚያ ገደል ውስጥ ያሉትን ዋሻዎች ሁሉ ያሳየችኝ ፍየል ናት።

አሁን ስሟን ወዳጠፋው ነገር ልምጣ።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን በጎቹን በቀኙ፣ ፍየሎቹን በግራው የሚለው ወንጌል ሲነበብ አንገቴን እደፋ ነበር። ምሳሌ መሆኑ አልገባኝም። የራሴ መንጋ፣ ቦቃዋም ዳማዋም፣ በግራ በኩል የቆሙ ይመስለኝ ነበር። በኦሪት የፋሲካው ጠቦት «ከበጎች ወይም ከፍየሎች» ይወሰድ እንደሚል የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ ወንጌል የተጻፈበት ብራና ራሱ የፍየል ቆዳ ነበር! ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርአ ያዕቆብ በመጽሐፍ ነገር የሚታወቁ ንጉሥ ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ነው። ብራና ደግሞ በአብዛኛው የፍየል ቆዳ ነው። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ተፍቋል። ያንን ቆዳ ከነብር ያዳነው ልጅ ስሙ የትም አልተጻፈም። የብረት ሠሪው ወናፍም፣ እህል የሚጫንበት ስልቻም ከዚያችው ፍየል ነው።

የበጉ ነገር ሌላ ነው። የመንዝ በግ ስሙ ከአገር አልፎ ተጽፎለታል። ባናው የእሱ ነው፣ በርኖሱ የእሱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ስለ በግ ሲመራመሩ ስንት ዓመት ሆናቸው። በደጋው ባለሥልጣን ሲጎበኝ ከበግ ጋር ፎቶ ይነሳል። አልቀናም። እሺ፣ ትንሽ እቀናለሁ። ፍየል ግን ስሟ የሚነሳው ሁለት ጊዜ ነው፦ ለፋሲካ ዋጋዋ ሲጨምርና ተራራ ሲራቆት።

ስለ ተራራው ልዋሻችሁ አልችልም። ፍየል ችግኝ ትበላለች። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር በመጀመሪያው ክረምት የእኛው ፍየሎች ከተተከለው ውስጥ ገብተው ተገኙ። ሦስቱ ታሰሩ፣ ተቀጣን፣ ከፈልን። ቅጣቱ ተገቢ ነበር። የተከለለ ተራራ ሣሩ ሲመለስ፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ በበጋም ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። እርከን ስትሠሩ የወጣው ላብ የእኛም ነው፤ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን። ስለዚህ መከለል አይጠቅምም የሚል ሰው ይህን ደብዳቤ አልጻፈውም።

ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ገደሉን ማን ገፈፈው? ወይራውን ማን ቆረጠው? ፍየል መጥረቢያ አትይዝም። ከሰል አታከስልም። ቁልቁለቱን እስከ ጫፉ ድረስ ያረሰችውም እሷ አይደለችም፤ መሬት ጠቦን ያረስነው እኛ ነን። ፍየል የምትታየው መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በዚያ መሬት ላይ መኖር የምትችለው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የመጣ ሰው ሁሉ እሷን ያገኛታል። ቤቱ ሲቃጠል የተገኘ ውሻ አቃጠለው እንደማለት ነው።

ስትከልሉ ደግሞ «ቆርጣችሁ መግቡ» ትሉናላችሁ። ለላም ይሠራል። ለበሬም ይሠራል። ፍየል ግን ከአንዱ ቁጥቋጦ ትንሽ ቀጥፋ፣ ከሌላው ትንሽ ቀምሳ ነው የምትሄደው። ቁማ አትበላም። ታጭዶ የመጣላትን ሣር አሽትታ፣ ረግጣ፣ ሽንቷን ሸንታበት ታድራለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ተፈጥሮዋ ነው። አጭዶ መመገብ የሚቻለው ለማድለብ ለታሰረ ሙክት ነው፣ እሱም የግራር ቅጠልና ፍሬ ከተቀላቀለለት።

እንግዲህ የአጎቴ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ተዳፋቱ በሙሉ ሲዘጋ መንጋው ያለው ከላይ ነው፣ ውሃው ያለው ከታች ነው። ካርታው ላይ መንገድ የለም። ሕጉን ያከበረ ሰው ፍየሉን ዙሪያ ጥምጥም ሦስት ሰዓት ይነዳል። ያላከበረው በጨረቃ ያሾልካል። እናንተም ሌሊት የገባ ፍየል ያጠፋውን ጠዋት ታያላችሁ፣ «ይኸው፣ ጠላት ናት» ትላላችሁ። ዝም ብሎ የሚሾልከው ሰው ደንቡ ሲጸድቅ አጨብጭቦ ይሆናል። እጁን ያወጣው ሰው ነው ዙሪያውን የሚሄደው።

መከለልን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋችሁም። መንዝ ውጡ። ጓሳን እዩት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ሲዘጋውና ሲከፍተው የኖረ ሣር ነው። ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ጠባቂ ነበረው፣ ደፍሮ የገባ ይቀጣ ነበር። የሚከፈትበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ተጠራርቶ፣ ለቤት ክዳንም ለከብትም እንደየድርሻው ይወስድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶታል። ዛሬም ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አለ። እኔ ከዚህ የማየው አንዲት ነገር ነው። ያ ሕዝብ መዘጋቱን ብቻ ሳይሆን መከፈቱንም ያውቅ ነበር። እኛ ገደል ስለ መክፈቻው ቀን የነገረን የለም። በር ያለው ቤትና ግንብ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ተረቱ። በሽታው ወዲህ፣ መርፌው ወዲያ።

ካቻምና በግንቦት የአጎቴ ፍየሎች ዓይናቸው ማልቀስ፣ አፍንጫቸው መዝረክረክ ጀመረ። ከንፈራቸው ቆሰለ። ከዚያ ተቅማጥ ያዛቸው። አጎቴ በሦስተኛው ቀን ለሚመለከተው አካል ሰው ላኩ። በግና ፍየል የሚፈጀው ተላላፊው የደስታ መሰል በሽታ መሆኑን ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው። ሃያ ሦስት ነበሩ። ዘጠኝ ቀሩ። አሮጊቷ መሪ ከሞቱት ውስጥ ናት።

ክትባቱ የመጣው በጥቅምት ነው። አመጣጡን ስሙልኝ። ጣቢያው የተተከለው ከላይ ከሜዳው ላይ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን። የተነገረው ዓርብ ማታ ነው። ያረገዘች ፍየል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደል ስትነዳ ትጨነግፋለች፤ ስለዚህ ያረገዙት ቀሩ። ግልገሎቹ ቀሩ። የወጡት ደግሞ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆመው ተራ ጠበቁ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን የሚያዝ፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካልተወጋ የሚበላሽ መሆኑን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የዚያን ዕለት የመጨረሻዎቹ ፍየሎች ምን እንደተወጉ እግዚአብሔር ይወቅ።

የወጋው ልጅ ጥፋት የለበትም። ብቻውን ነበር። ምሳ እንኳ አልበላም፤ አጎቴ ቆሎ ሰጡት። መንገድ እየተዘጋ፣ ነዳጅ እየጠፋ፣ እሱም እዚያ መድረሱ ራሱ ጀግንነት ነው። የምናገረው ስለ አሠራሩ ነው።

ምክንያቱም ይህ በሽታ የሚሸነፍ በሽታ ነው። በደንብ የተወጋች ፍየል ሦስት ዓመት ያህል ትጠበቃለች። ያቺኑ ፍየል በየዓመቱ መውጋት እንኳ አይጠይቅም። ክትባቱ የሚሠራው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ዓለምም ይህንን በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከምድር አጠፋለሁ ብሎ ዕቅድ ይዟል። ህልም ነው የሚል ካለ ታላቅ ወንድሙን ያስታውስ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ክፉ ቀንን ያመጣው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ሰውን በረሃብ የፈጀው ድርቅና የከብት ደስታ ነበር። በሬው አልቆ መሬቱ ጦም አደረ። ያ የከብት ደስታ ዛሬ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። አገራችን ውስጥ መጨረሻውን ያገኘው በማን ይመስላችኋል? አፋር ላይ፣ ከጎረቤታችን፣ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሰለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው መንጋው ወዳለበት በእግራቸው ሄዱ። መንጋውን ወደ ጣቢያ አልጠሩትም።

ታዲያ ከእኛ ገደል ሁለት እረኛ ማሰልጠን ለምን ይከብዳል? የትኛዋ ፍየል እንደታመመች በማለዳ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌሊት የት እንደሚያድሩ የሚያውቀው እሱ ነው። የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ገደል መውረድም አያቅተውም፤ ግልገል ተሸክሞ ሲወርድ ነው ያደገው።

ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። የሕዝቡ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር መጀመሪያ የሚወጣው በእረኛ ዘፈን ነው ብለው። ጠያቂ ካለ፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ገደሉ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦

መርፌው ደረሰልን በጥቅምት አጋማሽ፣
ፍየሌ ሄዳለች የለኝም አስመላሽ።

ልጁ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ እሱ ትንሽ ልበል። እረኝነት ሙያ ነው ስል ሕፃን ከትምህርት ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከወንድሜ ጋር ቀን ተካፍለን፣ እሱ ሲማር እኔ ፍየል፣ እኔ ስማር እሱ ፍየል። ሒሳብ ላይ ያለኝ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም። የዛሬ ልጆች የተሻለ ይገባቸዋል። ግን እውነቱን ተመልከቱ። ጉልበት ያለው ወጣት አዲስ አበባ ነው፣ ወይም ዓረብ አገር ነው። ገደሉ ውስጥ የቀሩት አጎቴን የመሰሉ ሽማግሌዎችና ይሄ ልጅ ናቸው። አምስት ስድስት ቤት ተሰባስቦ በተራ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ተራው የሚደርሰው ቤት ሰው የለውም። አዋቂ እረኛ ለመቅጠር ደግሞ ሥራው ስም የለውም። በርቢ ሰጥቶ፣ ከሚወለደው ተካፍሎ የሚያስጠብቅ አለ፤ ስምምነቱ በቃል ነው፣ ሲጣሉ ዳኛ የለውም። ከብት ለማድለብ ለሚደራጅ ወጣት ብድር ስትሰጡ አይቻለሁ። ለሠላሳ ቤት ፍየል የሚጠብቁ ሦስት ጎልማሶች ቢደራጁ የትኛው ቅጽ ላይ ነው የሚሞሉት? እዚህም «ሌላ» ነው?

ስለ ገበያው ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ወጠጤ ነው። የነሐሴ እህል ፍየል ናት። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ወደ ዓረብ አገር ሥጋ የሚልኩ ቄራዎች ከደጋ በግ ይልቅ የቆላ ፍየል ይመርጣሉ፤ የደጋው ሥጋ ይጠቁርባቸዋል። ያቺ የምትረገመው ፍየል ዶላር ታመጣለች ማለት ነው። በመሀል ያለው ደላላ ምን ያህል እንደሚወስድ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስና ላብቃ።

ካርታችሁን እንድትቀድዱት አልጠይቅም። ተዳፋቱ ይከለል። ግን ከላይ ከጉረኖዎቹ እስከ ወንዙ ድረስ አንዲት መስመር አስምሩበት። ሰፊ አይደለም። ፍየል ተከታትላ ነው የምትሄደው፤ አሮጊቷ ከፊት፣ ሌሎቹ በእሷ ዱካ። ሁለት ሜትር ይበቃታል። ግራና ቀኙን እኛው በእሾህ እናጥረዋለን፣ ከአጥሩ ያለፈች ፍየል ካለች እኛው እንቀጣለን። ተዳፋቱ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ አንዱ ሲያገግም ሌላው በበጋው መጨረሻ ለጥቂት ሳምንት ይከፈት። የትኛው እንደሚከፈት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የትኛው ግራር መቼ ፍሬ እንደሚጥል እነሱ ያውቃሉ። ክትባቱን ደግሞ ፍየሎቹ ከመክበዳቸው በፊት፣ መንጋው ውሃ ወደሚጠጣበት ቦታ፣ ጠዋት አምጡልን።

ለዚህ ሁሉ አንድ ስብሰባ ይበቃል። ያ የቀረው ስብሰባ። አጎቴ አሁንም ያቺን ጥያቄ ይዘው እየጠበቁ ነው። ዘንድሮ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ግን ዳገቱን አይወጡም፤ እናንተ ውረዱ። ቅዳሜ አይሁን፣ ገበያ ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። መንጋው ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ጠጥቶ ከወንዙ በላይ ያለችው ሾላ ሥር ያርፋል። ካርታውንና እርሳሱን ይዛችሁ ኑ። ቁልቁለቱ ላይ የሚንሸራተት ጫማ አታድርጉ። ውሻው አይናከስም፣ ግን ከሩቅ ድምፅ አሰምታችሁ ግቡ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ ፍየል ጠባቂ፣ ከደብረ ብርሃን